ዳቢንግ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ ሲጠና አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የገብስ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ የቱርክ ድራማ ያያሉ። አንድ ቀን ድራማው ላይ አዲሷ ምራት አማቷን «አንቺ አረፍ በይ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አለቻቸው። አያቴ ቆሎ መቆርጠም አቆሙ። «በይ? አማቷን በይ ትላለች? አሳዳጊ የበደላት!»

ልጅቱ ደግ ነበረች፤ ጸሐፊውም ደግ አድርጎ ነው የጻፋት። በአያቴ ዓይን ባለጌ ያደረገቻት «ይበሉ» መሆን የነበረባት አንዲት «በይ» ናት። የዳቢንግ ጣጣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ዳቢንግ ማለት ተዋንያኑ የተናገሩትን አንሥቶ፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌሎች ሰዎች ድምፅ መተካት ነው። ከሥር ጽሑፍ ከማስነበብ ይለያል። ፖላንዶች በቴሌቪዥናቸው የለመዱት ደግሞ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ድምፅ ከኋላ ዝቅ ብሎ እየተሰማ አንድ አንባቢ የወንዱንም የሴቱንም የሕፃኑንም ንግግር ብቻውን ይወጣዋል። የሚያፈቅሩትም የሚጣሉትም በአንድ ሰውዬ ድምፅ ነው፤ ይለመዳል መሰለኝ።

ዳቢንግ ከመለመዱ በፊት ነገሩ የባሰ አድካሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ሆሊውድ ውስጥ «ድራኩላ» የተባለው ፊልም ሲሠራ እንግሊዝኛው ቀን ይቀረጻል፤ ማታ ሌሎች ተዋንያን እዚያው መድረክ ላይ ገብተው ያንኑ ታሪክ በስፓኒሽ ይሠሩታል። ወጪው አልተቻለም። በኋላ መንግሥታትም እጃቸውን አስገቡ፤ የአምባገነኑ የፍራንኮ ስፔን እ.ኤ.አ. በ1941 የውጭ ፊልም ሁሉ በስፓኒሽ ድምፅ እንዲታይ አዘዘች። የማይፈለግ ንግግር ለመለወጥም ይመቻል።

ለውጭ ገበያ የሚላክ ሥራ ድምፁ ተለያይቶ ነው የሚመጣው፦ ንግግሩ ለብቻ፣ ሙዚቃው፣ ኮቴውና የበር ድምፁ ለብቻ። ንግግሩ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ተርጓሚው ታዲያ ቃል ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ከንፈርም ያያል። በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ ያለ ከንፈር መግጠም አይነገሩም። ተዋናዩ ከንፈሩን ገጥሞ «ልጄን» የሚል ድምፅ ከወጣ ተመልካች ምኑ እንደሆነ ሳያውቀው ይቆረቁረዋል።

ለአማርኛ ቱርክኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይመቸዋል ባይ ነኝ። ሁለቱም ግሣቸውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ተዋናዩ ትንፋሹን ውጦ የሚጥላት የመጨረሻ ቃል በአማርኛም እዚያው ቦታዋ ላይ ትወድቃለች። አክብሮትም አለው፤ «ሰን» ለእኩያና ለቅርብ ሰው፣ «ሲዝ» ለሚከበር። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ከመጣ ግን ሁለቱም «ዩ» ሆነው ይገባሉ። ያኔ ተርጓሚው ማን ለማን አማት፣ ማን ለማን አለቃ እንደሆነ ራሱ ዐውቆ «አንቱ»ን መመለስ አለበት። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው የጾታው ነገር ነው። ቱርክኛ ግሥ ወንድና ሴት አይለይም። «ገለጄክ» ሲል ይመጣልም ትመጣለችም ነው። አማርኛ ከአክብሮቱ «ይመጣሉ» በቀር እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ጸሐፊው የደበቀውን ሰው የአማርኛው ግሥ ያጋልጠዋል። ብልህ ተርጓሚ «እንግዳ አይጠፋም» ብሎ ይሸሻል፤ ያውም ታሪኩን እስከ መጨረሻው አስቀድሞ ካየው ነው።

ባለፈው አንድ የወንጀል ድራማ ላይ ሰውየው ስልኩን አንሥቶ «ዛሬ ማታ ትመጣለች» አለና ዘጋው። ቤቱ ሁሉ ገዳዩ ወንድምየው ነው ብሎ እየተከራከረ ነበር። አያቴ ቆሏቸውን ዘገን አድርገው «ሴት ናት» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።