ቻርተር ትምህርት ቤት ለምን ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም?

በወላጆች ስብሰባ ላይ «የሙዚቃ ክፍል እንዲከፈት ለምን ወርሃዊ ክፍያ አናዋጣም?» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ወገኖቼ፣ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ቻርተር ትምህርት ቤት፣ ማለትም በልዩ ውል (ቻርተር) ራሱን ችሎ የሚሠራ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ የሚተዳደረው ከመንግሥት በሚመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የትምህርት ክፍያ መጠየቅ ክልክል ነው። በፈቃድ መለገስ ግን ይቻላል።

ዋናው በጀት የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። ከአንድ ክፍል ሦስት ልጆች ቢለቁ የሦስቱ ገንዘብ አብሯቸው ይሄዳል። የመምህሯ ደመወዝና የማሞቂያው ወጪ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ከመዋጮ በፊት ልጆቹ ለምን እንደሚለቁ እንጠይቅ የምለው።

የሕንፃ ኪራይና የአውቶቡስ ጉዳይ እንደየስቴቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ለኪራይ የተለየ ድጎማ አላት። እንዲህ ዓይነት ድጎማ በሌለበት ኪራዩ ከማስተማሪያው በጀት ላይ ይቆረሳል።