የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የሰውነት ክብደት በሰሜን ሸዋ

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ በአንገት ፊት ለፊት ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኘው ዕጢ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅተው የሚመጣ ሕመም ነው። ይህ ሆርሞን ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል። ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ድምፅ ጎርናና ይሆናል፣ የወር አበባ ይበዛል ወይም ይዛባል፣ ፊትና የዓይን ዙሪያ ያብጣሉ፣ ክብደትም ይጨምራል። ሴቶችን ከወንዶች በብዙ እጥፍ ያጠቃል። ሕክምናው በቀን አንዴ የሚዋጥ እንክብል ነው። አስቸጋሪው ነገር ሳይታወቅ ዓመታት መቆየቱ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ መሸሸጊያ አያሳጣውም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በርኖስና የሱፍ ባና በሚለበስበት አገር «ይበርደኛል» ማለት ማንንም አያስደነግጥም። ድካሙ በእርሻው፣ በውኃ መቅዳቱና በእንጨት ለቀማው ይመካኛል። የሆድ ድርቀቱ ከጾሙ፣ የቆዳው መሰንጠቅ ከነፋሱ ነው ይባላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የውፍረቱ ነገር ነው፤ «ተመችቷታል፣ አምሮባታል» ተብሎ ይወደሳል። የተወደሰችው ሴት ግን ከቀድሞው አብልጣ አልበላችም፤ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆኖባታል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ሦስቱ አብረው ሲመጡና ሰውዬው ከትናንቱ ከራሱ ሲለይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የቀትር ፀሐይ ሞቆት ልብሱን ሲያቃልል ጋቢዋን ያላወለቀች፣ ወይም በሸዋ ሮቢት ቆላ ተቀምጣ የሚበርዳት ሴት ደሟ መመርመር አለበት።

ስለ መንስኤው ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው እንቅርትን ነው። ሁለቱ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋቸዋል። ለዘመናት በዝናብና በጎርፍ የታጠበ ተራራማ መሬት አዮዲኑ ይሟጠጣል፤ በላዩ የሚበቅለው እህልም የዚያኑ ያህል ከአዮዲን የተራቆተ ይሆናል። ዕጢው ያገኛትን ጥቂት አዮዲን ለመጠቀም ሲታገል ያብጣል። ሆኖም እንቅርት ያለበት ሰው የሆርሞን መጠኑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ አንገቱ ላይ ምንም የማይታይ ሰው ደግሞ ሆርሞኑ እጅግ አንሶ ሊገኝ ይችላል። አዮዲን እንደ ልብ በሚገኝበት አካባቢ ዋነኛው መንስኤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሕመም ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ ሊቲየም ወይም አሚዮዳሮን የተባሉትን መድኃኒቶች የሚወስዱ፣ በቅርቡ የወለዱም አሉበት።

የጨውን ታሪክ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዘው የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ለዓመታት አዮዲን ሳይቀላቀልበት ተሸጧል። አዮዲን መጨመር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ደንብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤቶች በ9ኙ ያህል አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሊባክን ይችላል። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም መንተክተክ ስለሚጠፋ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይጠቅማል። በሚገባ የበሰለ ጎመን በልኩ ቢበላ ዕጢውን አይጎዳም፤ እርሱን መፍራት አያስፈልግም። በሌላ በኩል አዮዲን መከላከያ እንጂ በሃሺሞቶ ለተጎዳ ዕጢ መድኃኒት አይደለም፤ ሲበዛም ሊያባብሰው ይችላል።

ሕመሙ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው። አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የሚያዘው ቲ.ኤስ.ኤች. በተባለ ሆርሞን ነው፤ ታይሮይድ ሲዳከም ትእዛዙ ይበረታል፣ ቲ.ኤስ.ኤች. ከፍ ይላል፣ የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን ታይሮክሲን ግን ዝቅ ይላል። ምርመራው በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኝ አይደለም። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር የሚነሣ ሰው ወደ ሆስፒታል መጓዝ ይኖርበታል፤ አንዳንዴም ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ግድ ይሆናል። መንገዱ ሩቅ በመሆኑ ምልክቶቹን አስቀድሞ ለይቶ ታካሚውን በጽሑፍ ወደ ሆስፒታል የሚልክ የጤና ባለሙያ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ነው። አጀማመሩ በግ ለሚያረባው የመንዝ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ እ.ኤ.አ. በ1891 የመጀመሪያዋን ታካሚ የፈወሰው ከበግ ታይሮይድ ጨምቆ ባወጣው ፈሳሽ ነበር። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ያህል ኖራለች። ዛሬ የቀኑ ሙሉ መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ በሚደረግ ምርመራ ነው። ከተስተካከለ በኋላ በዓመት አንዴ መታየት በአብዛኛው ይበቃል።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። እንክብሉ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከቁርስም ከቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቅደም አለበት። ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ስለሚቀንስ፣ ጠዋት በጀበናው ዙሪያ በሚሰበሰብ ቤት ይህን ማወቅ ግድ ነው። የብረትና የካልሲየም እንክብሎች እንዲሁም የጨጓራ ማስታገሻዎች ከእንክብሉ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሰዎች ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ከእራት ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይተው ማታ ሊወስዱት ይችላሉ፤ የንስሐ አባትን ማማከርም መልካም ነው። ጠበል የሚጠመቅም ሰው እንክብሉን ይዞ ይሂድ፤ መድኃኒቱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ ይመለሳል። እንክብሉ ሙቀትና ብርሃን ስለማይወድ በቀወትና በሸዋ ሮቢት ቆላ ከምድጃና ከመስኮት ራቅ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ወደ ክብደቱ እንመለስ፤ ብዙዎችን የሚያስጨንቃቸውና ተስፋ የሚያስቆርጣቸውም እርሱ ነው። በሆርሞን ማነስ ብቻ የሚመጣው ጭማሪ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ከስብ ይልቅ አብዛኛው ሰውነት የያዘው ጨውና ውኃ ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ ይኸው ውኃ ይወጣል፤ የፊት እብጠት ይቀንሳል፣ ቀለበት ይላላል። 20 ኪሎ የጨመረ ሰው ግን ሁሉንም ከታይሮይድ ቢጠብቅ ያዝናል። ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላ ሰውነቱ እንደማንኛውም ጤናማ ሰው ይከሳል፣ ይወፍራልም። በዚህ ጊዜ ለመክሳት ብሎ እንክብሉን ከታዘዘው በላይ መዋጥ እጅግ አደገኛ ነው፤ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል።

የቀረው በገበታው ላይ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ደጋ ለዚህ ጥሩ ስንቅ አለው። የገብስ ቆሎና ቂንጬ፣ የባቄላ ክክ፣ ሽሮና ጎመን አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ያጠግባሉ፣ ለሆድ ድርቀቱም ይረዳሉ። ክብደት የሚያመጣው በወጡ ላይ የሚፈሰው ዘይት፣ በገንፎው መሐል የሚቀልጠው ቅቤ፣ ጠላና አረቄ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ጾም በራሱ አያከሳም፤ ቀኑን ተርቦ ማታ በዘይት የተጠበሰ መብላት፣ በፋሲካ ሳምንትም የሁለት ወሩን በአንድ ጊዜ ማካካስ ልማድ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ላይ ይሄዳል። እግር መንገድ ለለመደ ሕዝብ መራመድ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የከተማው ነዋሪ ግን በባጃጅ የሚሄደውን በእግሩ ቢያደርገው ብዙ ያተርፋል።

ሕመሙ ሳይታከም ከቆየ ብርድ ራሱ ሊገድል ይችላል። በተለይ አንዲት አረጋዊት በውርጭ ወራት ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሿ ዘግይቶ፣ ንግግሯ ተምታቶ ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ብላ ከተገኘች እሳት ዳር አስቀምጦ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

እርግዝና ሌላው ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱ አንጎል የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነው። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ወዲያውኑ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ የሚያስፈልጋት መጠን ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራልና። በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል አትተው፤ ታይሮክሲኑን ጠዋት፣ ብረቱን ከምሳ በኋላ ትዋጥ። ከወለደች በኋላ መጠኑ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ከ6 ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ይታያል።