ኤፍኤፍቲ ምንድን ነው? ምት አዋቂ ግን አይደለም

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ላውንጅ የተቀረጸ ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ሲዞር ነበር። ጣሪያው ዙሪያውን የኤልኢዲ ስትሪፕ ተዘርግቶበታል። እስክስታው ደርቷል፣ መብራቱም ከዘፈኑ ጋር ይዘላል። የሠራው ልጅ እጁ ይባረክ፣ ሥራው ንጹሕ ነው። እኔን ያናደደኝ ከሥር የተጻፈው ማብራሪያ ነው። ኮዱ ውስጥ ኤፍኤፍቲ (ፋስት ፎሪየር ትራንስፎርም፣ ድምፅን ወፍራምና ቀጭን ብሎ የሚለይ ስሌት) ስላለ መብራቱ ምቱን ያውቀዋል ይላል። ኤፍኤፍቲ የሌለው ደግሞ ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም የሚል የገና መብራት ነው አሉ።

ይህን አባባል በየቦታው ስሰማ ከርሜአለሁ። አሁንስ በዛ።

ስትሪፕ እንዴት እንደሚበየድ፣ ማይክሮኮንትሮለር (መብራቱን የምታዝዘው ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ኮድ እንዴት እንደሚጫን አልተርክም። ያንን የሚያስተምር ሞልቷል። ኤፍኤፍቲ ግን ሒሳብ ነው። አንድ ቁራጭ ድምፅ ትሰጡታላችሁ። እሱ በዚያ ቁራጭ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል፣ መካከለኛው ምን ያህል፣ ቀጭኑ ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ ይመልስላችኋል። አለቀ። መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው ፎሪየር ነው፤ በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ያጠናው ግን ሙዚቃን ሳይሆን ሙቀትን ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩሊና ቱኪ ስሌቱን የሚያሳጥር መንገድ አሳተሙ። (ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ቀድሟቸዋል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነቱን ነው።) ለ1024 ሳምፕል (ሳምፕል ማለት ድምፁ በአንድ ቅጽበት ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ነው) ከሚሊዮን በላይ ማባዛት ይጠይቅ የነበረው ወደ አሥር ሺዎቹ ወረደ። የቀነሰው የስሌቱ ድካም ነው። ጆሮ የጨመረለት የለም።

እስቲ መረብ እናስብ። የጣና ዓሣ አጥማጅ ማታ መረቡን ይጥላል፣ ጠዋት ያወጣል። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ይለያል። ቀረሶው ወዲህ፣ አምባዛው ወዲያ፣ ነጭ ዓሣው በሌላ ሳጥን። ኤፍኤፍቲ የሚሠራው ይህን መለየት ነው። ሳጥኖቹን አይታችሁ ስንት አምባዛ እንደተያዘ መናገር ትችላላችሁ። አምባዛው ስንት ሰዓት ላይ መረብ ውስጥ እንደገባ ግን ሳጥኑ አይነግራችሁም። ምት ደግሞ የሚጠይቀው «መቼ» ብሎ ነው። ኤፍኤፍቲ የሚመልሰው «ስንት» ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ወንድሜ አስተያየት ሰጪው መረቡን ቶሎ ቶሎ እናውጣዋ ማለቱ አይቀርም። ይቻላል። ቶሎ ቶሎ ስታወጡት ዓሣው የገባበትን ሰዓት በደንብ ታውቃላችሁ። ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚወጣው ሁለትና ሦስት ዓሣ ነው። በሁለት ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አይታወቅም። ሌሊቱን ሙሉ ብታሳድሩት ዓይነቱን በዝርዝር ታውቃላችሁ፣ ሰዓቱ ግን ይጠፋባችኋል። ድምፅም ላይ እንዲሁ ነው። ድግምግሞሽን (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ መለኪያው ሄርዝ ነው) በ10 ሄርዝ ልዩነት መለየት ከፈለጋችሁ 100 ሚሊሴኮንድ መጠበቅ አለባችሁ። ይህ የኮዱ ስንፍና አይደለም። ውድ ቦርድ ስለገዛችሁም አይሻርም።

ቁጥር እናስገባ። አርዱይኖ ኡኖ በተባለችው የተለመደች የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ላይ ቅንብሩን ሳትነኩ ድምፅ ብታነቡ በሴኮንድ ቢበዛ ወደ 9600 ሳምፕል ታገኛላችሁ። ሰው የሚገለብጠው የተለመደ ኮድ 128 ሳምፕል ይሰበስባል፤ 13 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። 9600ን ለ128 አካፍሉት፣ 75 ይመጣል። እያንዳንዱ የኤፍኤፍቲ ሳጥን 75 ሄርዝ ስፋት አለው ማለት ነው። የከበሮው ሰፊ ፊት፣ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክሮች፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ፣ ሁሉም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳጥኖች ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። ከዚያ «ከበሮውን ለይቶ አወቀው» ይባላል። ከምኑ ለይቶ?

እዚያው ሳጥን ውስጥ ያልተጋበዘ እንግዳም አለ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ርካሽ አዳፕተርና ረጅም የማይክ ሽቦ ከተገናኙ 50 እና 100 ሄርዝ ላይ እዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል። ሁለቱም የሚያርፉት ያው የመጀመሪያው የባስ ሳጥን ላይ ነው። ዘፈን ቆሞ፣ ሰው ተቀምጦ፣ ፍሪጁ ሲነሳ መብራቱ ብቻውን የሚጨፍርበት ቤት አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ይብሳል፤ ድግምግሞሹ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ ማይኩን ተዉትና ከሚክሰሩ በኬብል ውሰዱ። የጁስ መፍጫውም ጩኸት አብሮ ይቀራል።

ወደ መረባችን ልመለስ። አንዳንድ ጠዋት መረቡ ከብዶ ይወጣል። ዓሣ ነው ሲሉ እምቦጭ ጠቅልሎ መጥቷል። በኤፍኤፍቲም ያው እምቦጭ አለ። የተለመዱት የማይክ ሞጁሎች ጸጥታም ላይ ቢሆኑ የሚሰጡት ቮልቴጅ ዜሮ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሚቀበሉት ቮልቴጅ ግማሹ አካባቢ ይቆማሉ። ያ ቋሚ ቮልቴጅ ዜሮኛው ሳጥን ውስጥ ተቆልሎ ይቀመጣል። አልፎም ወደ ጎረቤት ሳጥኖች ይፈሳል። ጀማሪው ያንን ቁልል አይቶ «ባሱ ኃይለኛ ነው» ይላል። የሳምፕሎቹን አማካይ አስልታችሁ ቀንሱ፣ ከዚያ የሃን ዊንዶው (የቁራጩን ሁለት ጫፎች ወደ ዜሮ የሚያለዝቡ ቁጥሮች) አባዙበት። ሁለት መስመር ኮድ ነው፤ ግማሹ ችግር በዚህ ይጠፋል።

ማሲንቆ ላይ ስንደርስ ግን ምሳሌዬ ይሰበራል። አንድ አምባዛ አራት ሳጥን ውስጥ አይገባም። የማሲንቆ ድምፅ ግን ይገባል። 200 ሄርዝ ላይ የተመታ አንድ ድምፅ 400፣ 600፣ 800 ላይም ተደራቢ አለው። ዘፋኙም እዚያው ነው የሚያዜመው። «ቀዩ መብራት ድምፃዊው ነው፣ ሰማያዊው ማሲንቆው ነው» የሚል ሰው ኤፍኤፍቲ ያላለውን እየመሰከረበት ነው። ኤፍኤፍቲ መሣሪያ አይለይም። ድግምግሞሽ ነው የሚለየው።

ታዲያ ምቱን የሚያገኘው ማነው? ከዚያ በኋላ የምትጽፏት ጥቂት መስመር ናት። የባሱን ጉልበት ትወስዳላችሁ። ባለፈው አንድ ሴኮንድ ከነበረው አማካይ ጋር ታወዳድራላችሁ። ድንገት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ከዘለለ ምት ነው ትላላችሁ። ከዚያ ለ200 ሚሊሴኮንድ ያህል ሌላ ምት አትቀበሉም፤ አለዚያ የአንዱን ከበሮ ርዝራዥ ሁለተኛ ምት አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ኤፍኤፍቲ ግዴታ አይደለም። ባሱን ብቻ የሚያሳልፍ ቀላል ማጣሪያ ይበቃል። ኤምኤስጂኢኪው7 የሚባለው ቺፕማ ድምፁን ከ63 ሄርዝ እስከ 16 ሺህ ሄርዝ በ7 ከፍሎ ይሰጣችኋል። ኤፍኤፍቲ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። መብራቱ ግን ያምራል።

ኡኖ ላይ እንዲያውም ኤፍኤፍቲ ባይኖር ይሻላል። ማስታወሻው 2048 ባይት ነው። የ128 ሳምፕል ኤፍኤፍቲ በተለመደው ላይብረሪ 1024 ባይት ይወስዳል። 300 አምፖል ያለው ስትሪፕ፣ በአምፖል 3 ባይት፣ 900። ተደምሮ 1924። ለቀረው ኮድ የተረፈው ፍርፋሪ ነው። ከዚያ ኮዱ አለምክንያት እየቆመ እንደ አዲስ ሲጀምር ቺፑ ፎርጅድ ነው ይባላል። በዚያ ላይ ደብሊውኤስ2812ቢ ለተባለው ስትሪፕ መልእክት ለመላክ በአምፖል 30 ማይክሮሴኮንድ ይሄዳል። ለ300 አምፖል 9 ሚሊሴኮንድ። በዚያን ጊዜ ኡኖው ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚልከው። ኤፍኤፍቲ ካማራችሁ ኢኤስፒ32 የተባለውን ፈጣንና ማስታወሻው ሰፊ ቦርድ ግዙና ተገላገሉ።

አሁን ደግሞ የእኛ ዘፈን የሚያመጣው ጣጣ አለ። በስልክና በኮምፒውተር የምናገኘው የምት ፈላጊ ኮድ አብዛኛው አራት የሚቆጠርበትን የዳንስ ሙዚቃ ታሳቢ ያደረገ ነው። ችክችካ የሚቆጠረው በስድስት ነው። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ምት መቁጠር ይቻላል። ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ምት መቁጠርም ይቻላል። ትከሻው አንዱን ይዞ ይወርዳል፣ ኮዱ ሌላኛውን ይዞ ይሄዳል። መብራቱ ምት አልሳተም። ሌላ ምት ነው የያዘው። ለዚህ የኤፍኤፍቲውን ሳምፕል ከ128 ወደ 1024 ማሳደግ ምንም አይፈይድም፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። እኔ የምመክረው ለችክችካ ፍጥነቱን መገመት የሚባለውን ክፍል ጭራሽ ማጥፋት ነው። ባሱ ሲዘል ብቻ አብሩ። ቀላል ነው፣ አይዋሽም።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ጉልበት ነው። አንድ አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይስባል። 300ው ሲበራ 18 አምፔር ነው፣ በ5 ቮልት። ያንን ከአርዱይኖው ፒን ለመውሰድ የሚሞክር ሰው ቦርዱን ይሰናበት። በአንድ ጫፍ ብቻ ከመገባችሁትም ነጩ እየራቀ ሲሄድ ወደ ቀይ ያደላል፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከቀዩ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚፈልጉ ቀድመው ይደክማሉ። በሁለቱም ጫፍ መግቡት። የ220ውን ሥራ ደግሞ ለኤሌክትሪሺያን ተዉለት፣ በተለይ ውኃው ዳር ላለ ቤት።

ሁለተኛው ብልጭታ ነው። የሚጥል ሕመም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ፈጣን ብልጭ ድርግም ሊቀሰቅስባቸው ይችላል። የተለመደው ጥንቃቄ በሴኮንድ ከ3 ብልጭታ አለማለፍ ነው። ከላይ ያልኩት የ200 ሚሊሴኮንድ ክልከላ እስከ 5 ያሳልፋል። ለአንድ ጥግ ስትሪፕ ብዙ አያሳስብም። ሙሉ አዳራሹን በነጭ የምታበሩ ከሆነ ግን 350 አድርጉት።