የቀበሌ ቤት የበዛበት ሰፈር ለምን ቶሎ አይለወጥም?

ጅማ ላይ ከፎቁ ጀርባ ዝገታም ቆርቆሮ የለበሱ የጭቃ ቤቶች ተደርድረው ካያችሁ፣ መጀመሪያ «ቤቱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ መሸጥ አይችልም፤ ባለሀብቱ ታዲያ ከማን ይግዛ? ሰፈሩ ለዓመታት ሳይነካ ይቆይና፣ ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ ባንዴ ይነሳል።

የግል ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ግን አንድ በአንድ ይሸጣል። እሱን የሚያዘገየው ውርስ ነው፦ ካርታው በሟች አባት ስም ከቀረና ስድስት ወራሾች ካሉ፣ ስድስቱም መፈረም አለባቸው፤ ውጭ አገር ያለውም ውክልና ይልካል። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ከውርስ ውጭ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለቦታው ለመንግሥት ወደሚከፈልበት ውል፣ እንዲገባ ደነገገ፤ ይህን ወጪ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ የሚያስታውሱ ገዢዎች አሉ።