የፕሮስቴት ዕጢ እብጠትን ያለ ቀዶ ሕክምና ማከም ምንድን ነው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሲወጡ “ብርዱ ነው” ይባላል። ብርድ ሽንት ማብዛቱ እውነት ነው። ሽንቱ አልጀምር እያለ የሚያስጠብቅ፣ ሲመጣም ኃይል የሌለውና የሚቆራረጥ፣ ካበቃ በኋላ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ነገሩ ከብርድ ያለፈ ነው። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ነው።

ዕጢው ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ያቀፈ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ ያድጋል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ግን ምርመራ አይቀርም፦ ሐኪሙ በጣት የሚያደርገው ምርመራ፣ የሽንት፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ፣ እንዲሁም ከሽንት በኋላ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ አልትራሳውንድ። ስኳር በሽታም ሽንት ስለሚያመላልስ ሳይመረመሩ ፕሮስቴት ነው ብሎ መድኃኒት መጀመር ስሕተት ነው።

ቧንቧውን የሚያጠብቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የዕጢው ሥጋ መብዛትና በዕጢውና በፊኛው አንገት ያሉት ጡንቻዎች መኮማተር። መድኃኒቱም ለዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ከአንዱ የሌላውን ሥራ ይጠብቅና “አልሠራልኝም” ብሎ ያቆማል።

ጡንቻውን የሚያላላው በብዛት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊግራም ነው። ዕጢውን አያሳንስም፤ ለውጡ ግን በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ማዕድ (ከቁርስ ወይም ከእራት) 30 ደቂቃ በኋላ፣ ሳይከፈትና ሳይታኘክ ይዋጣል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ በደም ውስጥ የሚገባው መጠን ይጨምራል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል። እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። ከቁርስ በኋላ የለመደ ሰው በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ በጠዋት ከዋጠው ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከእራት በኋላ ማድረጉ ይሻላል፤ ጾምም ሆነ ፍስክ ሰዓቱ አይለወጥም። በስግደት ጊዜ ከመሬት ቀስ ብሎ መነሣት፣ ሌሊት ደግሞ ከመቆም በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ያስፈልጋል። አልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ አያሳፍርም፤ በጨለማ ወድቆ ዳሌ መሰበር ከፕሮስቴቱ የባሰ ነው። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ይህን መድኃኒት መውሰዱን ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የዘር ፈሳሽ መቀነስ ወይም መጥፋት ሊኖር ይችላል፤ ጉዳት የለውም።

ዕጢውን የሚያሳንሰው ፊናስቴራይድ 5 ሚሊግራም ነው። የሚሰጠው ዕጢው በጣም ላደገ ሰው ነው፤ የሚሠራውም ዕጢውን በሚያሳድገው ሆርሞን ላይ ነው። ውጤቱ እስኪታይ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል፤ የዕጢውን መጠን ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር የሚያቆም ሰው ገንዘቡን አፍስሷል። አንዳንዱ ላይ የወሲብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የፕሮስቴት ካንሰርን ለመለየት የሚረዳውን ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ መርማሪው ማወቅ አለበት። ለአባትዋ መድኃኒት የምትሰጥ ልጅ ነፍሰ ጡር ከሆነች የተሰበረውን ክኒን አትንካ።

ከመድኃኒቱ ጎን የዕለት ልማድ ብዙ ይረዳል። ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት መጠጥ መተው፣ የማታ ቡና፣ ጠላና አረቄ መቀነስ፤ ቀን ላይ ግን ውኃ አለመቀነስ። ሸንቶ ጥቂት ታግሦ እንደገና መሞከር ፊኛውን በደንብ ባዶ ያደርጋል። ለሚንጠባጠበው ከቆለጥ ኋላ ያለውን ቦታ በጣት ጫን አድርጎ ወደ ፊት መጥረግ ነው። የሆድ ድርቀትም የሽንቱን ችግር ስለሚያባብስ ይታከም።

በደጋ በጣም የሚያሳስበን የጉንፋን ክኒን ነው። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የፊኛውን አንገት ያኮማትራል፤ ክሎርፌኒራሚን ያለበት ፊኛው የመግፋት ኃይል እንዲያጣ ያደርጋል። ደህና የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ሽንቱ ሊዘጋ ይችላል። ፋርማሲ ሲገቡ “ፕሮስቴት አለብኝ” ማለት ይህን ያስቀራል።

ሽንት ጭራሽ አልወርድ ካለና እንብርት በታች ከተወጠረ ውኃ ጠጥቶ ለመግፋት መሞከር ሥቃይ መጨመር ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ሳይሉ በቅርብ ካቴተር (ሽንቱን ከፊኛው የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ወደሚያስገባ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያኔውኑ መሄድ ነው። ብዙ ጊዜ ታምሱሎሲን ተጀምሮ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ካቴተሩ ወጥቶ ይሞከራል። ሽንቱ በተደጋጋሚ ከተዘጋ፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ካለ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ከተመላለሰ፣ ከሽንት ጋር የሚወጣው ደም አልቆም ካለ ወይም ኩላሊት ከተጎዳ ግን ቀዶ ሕክምናን በክኒን ማዘግየት አይገባም። ከሁሉም የሚያታልለው ሕመም የሌለው ነው፦ ሰውየው ሳይታወቀው ሌሊት አልጋውን የሚያርስ ከሆነ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ግፊቱም ኩላሊቱን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ይመርመር።