በኬሚካል የጠነከረ መስታወት ምንድን ነው?

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ ከደጅ ያደረ የሻይ ብርጭቆም በረዶ ሆኖ ይነሣል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ የፈላ ሻይ ሲቀዳበት ብርጭቆው ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው «ስስ ስለሆነ ነው» ይላል። እንዲያውም ወፍራሙ ይብሳል። መስታወት ሙቀትን የሚያስተላልፈው በዝግታ ስለሆነ፣ ውስጡ ሞቆ ሲለጠጥ ውጩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ውጩ ይወጠራል። መስታወት ደግሞ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲወጥሩት ደካማ ነው።

«ታዲያ መስታወትን ሳይሰነጥቅ የሚያቀዘቅዝ ኬሚካል የለም?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በፋብሪካ ተራውን መስታወት ከ550 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በደኅና የሚያበርደው ዝግታ ነው፤ ዝግታን የሚተካ መድኃኒት የለም። ኬሚካሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ለሌላ ሥራ ነው።

የበረደው መስታወት እንደገና ይሞቅና 400 ዲግሪ ገደማ በሆነ የፖታሺየም ናይትሬት ቅልጥ ውስጥ ለሰዓታት ይነከራል። ይህ ለማዳበሪያነትም የሚውል ጨው ነው። ከመስታወቱ ገጽ ሶዲየም ይወጣል፣ በቦታው ከእርሱ የሚተልቀው ፖታሺየም ይገባል። በሚኒባስ ወንበር ተደላድለው ከተቀመጡ ሦስት መንገደኞች ሁለቱ ወርደው፣ የመንዝ በርኖስ የደረቡ ሁለት ሰዎች ቢተኩ ወንበሩ እንደሚጣበበው ሁሉ፣ የመስታወቱም ገጽ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ወዲያ የሚወጥረው ኃይል አስቀድሞ ይህን ጥቅጥቅታ ማሸነፍ አለበት። ሙቀቱ እጅግ ቢጨምር ግን መስታወቱ ይላላና ጥቅጥቅታው ይጠፋል፤ ልኩ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። የብዙ ስልኮች የፊት መስታወት የሚጠነክረው እንዲህ ነው።

ይህን በቤት ለመሞከር የሚያስብ ካለ አጥብቄ እለምነዋለሁ፦ አይሞክር። የናይትሬት ቅልጥ እንጨትና ጨርቅ ሲያገኝ እሳት ያጋግላል፤ የውኃ ጠብታ ሲገባበት በእንፋሎት ፈንድቶ ይረጫል። ለማለዳው ሻይ ብርጭቆውን በለብታ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

የጠነከረውም ገጽ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ጭረት ያንን አልፎ ከገባ፣ ከሥሩ የሚያገኘው የተወጠረ መስታወት ነው።