የምናባዊ ዓለም የውስጥ ወጥነት ምንድን ነው?

«ዘንዶ በሚበርበት ዓለም ውስጥ ወንዙ ወዴት ይፈስሳል ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ጭቅጭቅ ነው?» ስለ ምናባዊ ልብወለድ በተነሣ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም፤ ተናጋሪውም ክርክሩን የዘጋ ይመስለዋል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይነሣና «ደራሲው አስማቱ እንዴት እንደሚሠራ አላብራራም፤ ስለዚህ ሥራው የውስጥ ወጥነት ይጎድለዋል» ይላል። ሁለቱ ሲሟገቱ ላያቸው ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የሳቱት አንድ ነገር ነው።

ካርታ እንዴት እንደሚሣል፣ ለፍጡራን እንዴት ስም እንደሚወጣ እዚህ አላነሣም፤ ያን ማንም ያውቀዋል። የእኔ ሙያ ወንዝና ተፋሰስ ስለሆነ በማውቀው ልናገር። የውስጥ ወጥነት ማለት የተፈጠረው ነገር መዘዙን ይዞ መውረዱ ነው። ፈጠራውን ተራራ ላይ እንደፈለቀ ምንጭ ቁጠሩት። ደራሲው ምንጩን በፈለገበት ሊያፈልቀው ይችላል። ከፈለቀ በኋላ ግን ከበታቹ ያለው ሸለቆ፣ እርሻ፣ ወፍጮና ድልድይ ሁሉ ይነካል። ውሃው ሦስተኛውን መንደር አጥለቅልቆ አራተኛውን በደረቁ ከዘለለው አንባቢው መጽሐፉን ያጥፋል።

«እሺ፣ ወንዙ ሽቅብ ቢፈስስስ?» ይለኛል ያ ስለ ዘንዶው የተናገረው ሰው። ይፍሰስ! የሚከለክለው የለም። ግን እስከ መጨረሻው ይፍሰስ። ሽቅብ የሚፈስስ ወንዝ ደለሉን የሚያራግፈው ተራራው ራስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለሙ መሬት ውርጭ በሚመታው ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ደገኛውም የቆለኛውን አፈር ቁጭ ብሎ ይወርሳል። ግድብ የሚሠራው ቆለኛው ነው፤ «ውሃችንን ያዘብን» ተብሎ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ጀልባ ያለ ቀዘፋ ትወጣለች፤ ለመውረድ ግን ላብ ትጠይቃለች። በእኛ አገር ታሪክ አምባ ላይ የመሸገ ሰው ጠላቱን ዳገቱ ይዋጋለት ነበር፤ በዚያ አገር ግን ጠላት ውሃው ላይ ተጭኖ ቁርስ ሳያልፈው ደጃፉ ይደርሳል። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ያለው ሰው ክረምት ላይ የተነቀለ ዛፍ ሲንከባለል ያየ ነው። ሽቅብ በሚፈስስ ወንዝ ዳር ያደገ ሕዝብ ምሳሌያዊ አነጋገሩም፣ እርግማኑም፣ ምናልባት የቀብር ሥርዓቱም ሌላ ነው። (ጫፍ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ከዚያ ወዴት ይሄዳል የሚለው መልስ ይፈልጋል። የሙያ አመል ሆኖብኝ ሳልጠይቅ አላልፍም።)

እንግዲህ ወጥነትን የሚጠይቅ አንባቢ ዓለሙ የእኛን ዓለም ይምሰል አላለም። ዘንዶውን ተቀብሏል። ያልተቀበለው፣ ከሰማይ ወርዶ በሬ የሚነጥቅ አውሬ ባለበት አገር እረኛው ከብቱን ሜዳ ላይ ለቅቆ ጥላ ሥር መተኛቱን ነው።

ሁለተኛው ሰው፣ ማብራሪያ የሚጠይቀው፣ ይበልጥ ያናድደኛል፤ ወጣት ደራሲዎችን የሚያበላሸው እሱ ነውና። የጥንት ግብፃውያንን እንይ። በየዓመቱ የሚመጣባቸው የአባይ ሙላት በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሆኖም ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ከፍለው አንደኛውን የሙላት ወቅት አደረጉት። የውሃውን ከፍታ ይለኩ ነበር፤ ልማዱም ከእነሱ በኋላ ዘልቆ፣ ካይሮ ውስጥ በሮዳ ደሴት ላይ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራው መለኪያ ዛሬም ቆሟል፤ የየዓመቱ ግብርም በውሃው ልክ ይወሰን ነበር። ምክንያቱ የተሰወረባቸው ሕዝቦች መዘዙን ከቤተ መቅደስ እስከ ግምጃ ቤት ድረስ ኖረውበታል። የአስማትም ነገር እንዲሁ ነው። ከየት እንደመጣ ደራሲው ጨርሶ ባይነግረን መብቱ ነው።

በቅርቡ ያነበብሁት አንድ ረቂቅ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዝናብ የሚጠሩ ጠቢባን ያሳያል። ወደ መካከሉ ግን ድርቅ ገብቶ ሕዝቡ ያልቃል፤ ጠቢባኑን ያስታወሰ አንድ ሰው የለም። ደራሲው «ወጥነት የለውም» ሲባል ምን አደረገ? የጠቢባኑ ኃይል ከየትኛው ኮከብ እንደሚመነጭ የሚተርኩ ገጾች ጨመረ። ድርቁ ግን እንዳለ ነው። ጎረቤት አገር ዝናባችንን ሰረቃችሁ አላለም? ዝናብ ጠሪ ልጁን ለማን ይድራል? ያለ ጊዜው ዘንቦ ነዶው የበሰበሰበት ገበሬ ወዴት ይከሳል? መጨመር የነበረበት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም፤ ሁሉም ወንዝ ባሕር አይደርስም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እንደዚሁ የአንድ አስማት መዘዝ ዓለሙን ሁሉ ሳያዳርስ ሊቆም ይችላል። ነገር ግን የሚውጠው ነገር ያሻዋል። የአዋሽን ውሃ የሚውጠው ሙቀቱ ነው፤ ይተናል። የአስማቱን ምስጢር የሚያውቀው አንድ መነኩሴ ብቻ ከሆነ ነገሩ ከገዳሙ ላይወጣ ይችላል። ደግሞ የተነነ ውሃ ጨው ይተዋል። ደናክል ላይ የጥንት ባሕር ተንኖ የተወው ጨው እየተቆረጠ፣ በግመል ተጭኖ ደጋ ወጥቶ፣ አሞሌ ተብሎ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ከገዳሙ ያልወጣው ምስጢርም ወሬ፣ ፍርሃት፣ የማይታለፍ መንገድ ይተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህን ስል ተፋሰስ ሰውን ይቀርጸዋል የሚሉ አሉና። አይቀርጸውም። በተመሳሳይ ደጋ ላይ አንዱ ጤፍ ይዘራል፣ ሌላው እንሰት ይተክላል። ሳህራ ውስጥ ወንዛቸው ከደረቀ ሺህ ዓመታት ያለፋቸው ሸለቆዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ምክንያቱ የደረቀ ልማድም ሳይጠፋ ይኖራል። እያንዳንዱ በዓልና እያንዳንዱ ቀሚስ በአየር ንብረት የተብራራበት ምናባዊ ሕዝብ የመሥሪያ ቤት ዘገባ እንጂ ሕዝብ አይመስልም።

ካርታን አላነሣም ብዬ ነበር፤ ስለ ወንዙ ብቻ ጥቂት ልበል። ወንዝ እንደ ደንቡ ይገናኛል እንጂ አይከፈልም፤ ሐይቅም ብዙ ገባር ኖሮት መውጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ጣናን ተመልከቱ፤ የተፈጥሮ መውጫው አባይ ብቻ ነው፤ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚሄደው ውሃ የሰው ሥራ ነው። ይህን ስናገር ወዲያው ካሲኪያሬ የተባለውን ወንዝ የሚጠቅስልኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ካሲኪያሬ ቬኔዙዌላ ውስጥ ከላይኛው የኦሪኖኮ ወንዝ ተገንጥሎ ሪዮ ኔግሮ ወደሚባል ሌላ ወንዝ ይገባል፣ በዚያም በኩል አማዞን ይደርሳል። ስለዚህ ለሁለት የሚከፈል ወንዝ ካማራችሁ ሣሉ። ሁለት ተፋሰስ በውሃ ሲገናኝ ግን ነጋዴ ጭነቱን ሳያራግፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በሽታም፣ ቋንቋም፣ ሠራዊትም አብረውት ይሻገራሉ። ወንዙ በሚከፈልበት ቦታ ቢያንስ አንድ ኬላ አቁሙበት፤ ለቀራጩም ስም አውጡለት።